«ጠሉኝ» ባዩ ሰይድ

የነገረኝ ድሮ አብሮን ይሰፋ የነበረ ሰው ነው፤ በስልክ። «ብርቄ፣ ሰይድ ሄደ» አለኝ። እኔም ሳላስበው፣ «ደግሞ ማን አስቀየመው?» አልኩት። ሰውዬው፣ «ኧረ ሞተ ነው የምልሽ» አለኝ። ምላሴን ነከስኩ።

ሰው አይፍረድብኝ። እኔ ከዚያ ሰው ጎን ስምንት ዓመት ተቀምጬ ሰፍቻለሁ። በነዚያ ስምንት ዓመታት «ሰይድ ሄደ» የሚለውን ወሬ ስንት ጊዜ እንደ ሰማሁ ቤት ይቁጠረው። አንዱ በጠዋት ሰላም ሳይለው ካለፈ ሰይድ ይሄዳል። የማኅበራችን ሊቀመንበር ሲያወራ ዓይኑን ካላየው ሰይድ ይሄዳል። መቀሱን ጠረጴዛ ላይ ጥሎ፣ የጀመረውን ሱሪ አንድ እግሩን ብቻ ሰፍቶ፣ ብድግ ብሎ ይሄዳል። ፈልጎ የሚያመጣው ማን ነው? ብርቄ ናት። ጨጓራዬን የላጠው እሱ ነው፤ ዛሬም ሲያቃጥለኝ ሰይድ እላለሁ።

አሁን በስተርጅና ከልጄ ጋር የልጅ ልጄን ይዘን ሐኪም ቤት እንመላለሳለን። ልጅቷ አንድ ቦታ አትቀመጥም፣ ደብተሯን ትጥላለች፣ የጀመረችውን አትጨርስም። ሐኪሟ ስታስረዳን ትኩረትን የመሰብሰብ ችግር ነው አለች፤ ስሙ ረጅም ነው፣ አልያዝኩትም። «ብልግና አይደለም፤ አእምሮዋ የሚሠራበት መንገድ ነው» አለች። ቀጥላ ደግሞ፣ «እንዲህ ያሉ ሰዎች ብዙዎቹ ሰው የገፋቸው ሲመስላቸው ከሌላው ይበልጥ ያማቸዋል፤ ማንም ሳይገፋቸውም ቢሆን» ስትል ከወንበሬ ተነሣሁ። «ዶክተር፣ ሰይድን ያውቁታል እንዴ?» አልኳት። ልጄ አፍራ ነጠላዬን ጎተተችኝ።

በኛ ጊዜ ይህ ነገር ስም አልነበረውም። ቅብጥብጥ እንል ነበር፤ ሆደ ባሻ እንል ነበር፤ ዓይነ ጥላ አለበት የሚሉም ነበሩ። ስሙን ባውቀው ኖሮ ያን ያህል አልቆጣውም ነበር ብል ደስ ይለኛል። ግን ውሸት ነው፤ እቆጣው ነበር።

ጊዜው የደርግ ጊዜ ነው። ከሸማ ተራ ጀርባ ባለ አንድ አዳራሽ ውስጥ የልብስ ሰፊዎች ማኅበር ነበረን። ዩኒፎርም እንሰፋለን፣ ያለቀ ኮት እንገለብጣለን፣ ለበዓል ደግሞ የተዘጋጀ ልብስ ደጃፉ ላይ ሰቅለን እንሸጣለን። እኔ ቁልፍና ዘርፍ ላይ ነኝ፤ ሰይድ ከጎኔ፣ መስኮቱ ጋ። የወሎ ልጅ ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ እጁ የማያርፍ። ሜትሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ «ሜትሬን ማን ወሰደው?» ይላል። ጠመኔውን ጆሮው ላይ ሰክቶ ከኔ ጠመኔ ይለምናል። ጠረጴዛው ላይ አምስት የተጀመረ ልብስ ተከምሮ ስድስተኛውን ይቆርጣል። አንዱን ጨርስ ስትሉት «እሺ» ይላል፤ እሺታው ከልቡ ነው፤ ሰባተኛውን ያነሣል።

ግን ሲነሣበት! አንዳንድ ቀን አንድ ኮት ልቡን ከያዘው ምሳ አይበላም፣ ሽንት ቤት አይሄድም፣ ቢጠሩት አይሰማም። ሌላው በሦስት ቀን የሚሰፋውን ኮት በአንድ ቀን አውጥቶ ይሰቅለዋል፤ ትከሻው ላይ አንድ መጨማደድ አታገኙም። ሰውን በዓይኑ ብቻ ለክቶ ይቆርጥ ነበር። የማኅበሩ ሰዎች ያልጣሉት በዚህ ነው።

መርካቶ ውስጥ እየኖረ መርካቶን ያለመቻሉ ነገር ነበር የሚያበግነኝ። እዚህ አገር ግዢ ማለት እምቢ መባባል ነው። ገዢው «ውድ ነው» ይላል፣ ልብሱን ወርወር አድርጎ «ዞር ብዬ ልምጣ» ይላል፣ ቀስ እያለ ይሄዳል፤ ጆሮው ግን ኋላው ነው። «ና እሺ፣ ና ውሰድ» እስኪባል ነው የሚጠብቀው። ይህን የሦስት ዓመት ሕፃን ያውቀዋል። ሰይድ ግን ሰውየው ሲሄድ ቆሞ ያየዋል፤ ከንፈሩ ይነጣል፤ ልብሱን አጣጥፎ ያስገባዋል።

«ምነው? ጥራው እንጂ!»

«ጠላኝ እኮ።»

«ማን ነው የጠላህ? ሰውየው ሱሪ ሊገዛ ነው የመጣው!»

«ሲወረውረው አላየሽም? ፊቱን አላየሽም?»

እኔ መርፌዬን ደረቴ ላይ ሰክቼ ወደ ደጅ እሮጣለሁ፤ ሰውየውን ከሕዝቡ መሐል አሳድጄ እመልሳለሁ። ተመልሶ ገዝቶ፣ አመስግኖ፣ መርቆ ይሄዳል። ሰይድ ያን ቀን እስኪመሽ አይናገርም። ያኮረፈ ምሳው እራቱ ይሆናል እንደሚባለው፣ የሱ ስንት ምሳ እራት እንደ ሆነ እኔ ነኝ የማውቀው፤ ከምሳ ዕቃዬ እያካፈልኩ ለምኜ የማበላው እኔ ነበርኩ።

ደግ ነገሩን ካልተናገርኩ ግን ኃጢአት ይሆንብኛል። ያ ስስ ሆዱ የሌላውንም ሕመም ይሰማ ነበር። እናቴ የሞተች ዓመት ለቅሶ ተቀምጬ ስመለስ ሁሉም «እግዜር ያጽናሽ» ብሎ ወደ ስፌት መኪናው ዞረ። በዚያው አለቀ። ከሁለት ወር በኋላ አንድ ማለዳ እንባዬን አድርቄ፣ ፊቴን ታጥቤ፣ ስቄ ገባሁ። ከዚያ ሁሉ ሰው ሰይድ ብቻ ቀና ብሎ አየኝና፣ «ብርቄ፣ ዛሬ እናትሽን አልመሻል» አለኝ። እውነቱን ነበር። በምን አወቀ? እኔ እንጃ። የቀኑን የኔን ሥራ ራሱ ሰፋው፤ የራሱ አምስት ልብስ እዚያው ተከምሮ።

ከሁሉ የከፋው ሐሙስ ነበር። ሐሙስ ከምሳ በኋላ ሒስና ግለ ሒስ የሚባል ስብሰባ አለን። አንዱ ተነሥቶ ጓዱን ይተቻል፤ የተተቸው ተነሥቶ ጥፋቱን ያምናል፤ ከዚያ ሁሉም ሻይ ጠጥቶ ይረሳዋል። አንድ ሐሙስ ሊቀመንበራችን፣ «ጓድ ሰይድ ሥራ እየጀመረ አይጨርስም» አለ። ይኸው ነው። ከዚህ የበለጠ አላለም። ሰይድ ተነሣ። «እውነት ነው ጓዶች» ብሎ ጀመረ። ሥራ አለመጨረሱን አመነ። ቀጥሎ ክር ማባከኑን አመነ፤ ለእናቱ ደብዳቤ አለመጻፉን አመነ፤ ልጅ ሆኖ የጎረቤት ፍየል ማጥፋቱን አመነ፤ ለማኅበሩም ለአገሩም ለአብዮቱም የማይረባ ሰው መሆኑን አመነ። ሊቀመንበሩ ደንግጦ፣ «ጓድ፣ ይበቃል፤ ይህን ሁሉ አላልንም» ቢለው አይሰማም። በመጨረሻ ቁጭ አለ፤ ወዲያው ተነሥቶ ወጣ፤ ሦስት ቀን ጠፋ። ሰኞ ሲመለስ ሊቀመንበሩ ራሱ ረስቶት፣ «ታመህ ነበር እንዴ?» ብሎ ጠየቀው።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው ዘሀራን የወደደው።

ዘሀራ ከአዳራሻችን ፊት ለፊት ባለው የአባቷ የክር ሱቅ ትሸጣለች። ዝምተኛ ናት፤ ስትናገር ከንፈሯን አይታችሁ ነው የምትሰሙት። ሰይድ ነጭ ክር ሊገዛ ይሄድና ጥቁር ይዞ ይመለሳል፤ ጥቁሩን ሊለውጥ ይሄድና ቁልፍ ይዞ ይመጣል። በቀን አምስት ጊዜ ይመላለሳል። ግማሹ መርሳት ነው፤ ግማሹን እሱና አላህ ያውቃሉ። ተመልሶ መጥቶ እኔን ነው የሚያደርቀኝ። «ዛሬ ዝም አለችኝ፤ ጠላችኝ።» «አንተ ሰው፣ እሷ ለሁሉም ዝም ነው የምትለው!» «የዛሬው ዝምታ ግን ሌላ ነው።» ዝምታ በዓይነት በዓይነቱ የሚለይ ሰው ከሱ በቀር አላየሁም።

አንድ ቀን ክር ልገዛ ስሄድ ዘሀራ የክሩን ድውር እያገላበጠች፣ ቀና ሳትል፣ «እትዬ ብርቄ፣ ሽማግሌ ይላክ በይው፤ ሌላ ሰው እየጠየቀ ነው» አለችኝ። ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ይኸው ሰይድ እንጀራውን አገኘ አልኩ፤ ይህንንም ካበላሸው በገዛ እጄ አንቀዋለሁ አልኩ።

የባሌ አጎት ጋሽ ወልዴ በሰፈሩ የታወቁ አስታራቂ ናቸው፤ ክርስቲያንም እስላምም ያከብራቸዋል። እሳቸውንና ሁለት የወሎ ሽማግሎችን ለመንኩ። ሰይድን ደግሞ አስቀምጬ መከርኩት። «ስማ፣ በመጀመሪያው ቀን እሺ አይሉም። ልጃቸውን የጠሉ ይመስልባቸዋል። ልጃችን ገና ናት ይላሉ፣ ሂዱ ይላሉ፣ ደግሞ ትመለሳላችሁ። ወጉ ነው።»

«ምን ነካሽ? ወሎ ሽማግሌ የለም መሰለሽ? አውቃለሁ» አለኝ፤ እየሳቀ።

አውቆታል። ማወቅ ሌላ ነው፣ መቻል ሌላ ነው።

እሑድ ጠዋት ሽማግሎቹ የዘሀራ አባት ሐጂ ይመር ቤት ሄዱ። እኔና ሰይድ አዳራሹ ደጃፍ ላይ ቆመን ጠበቅን። ጋሽ ወልዴ ከዘራቸውን እያወዛወዙ፣ ፊታቸው በርቶ መጡ። «ጥሩ ነው! እጅግ ጥሩ ነው! ‹ለማንም የምንሰጣት ልጅ የለችንም፤ ሂዱ› አሉን። በሁለት ሳምንት እንመለሳለን። ውሃ እንኳ አጠጥተውናል!»

ዞር ብዬ ሰይድን አየሁት። ውሃውን አልሰማም። የሰማው አንድ ቃል ነው።

ሰኞ አልመጣም። ይመጣል ብለን ተውነው። ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ዘሀራ ወደ አዳራሹ ገባች። ገብታ የማታውቅ ልጅ ናት። ወረቀት ይዛለች። መኪናዬ ላይ አስቀመጠችልኝና ቆመች። የሰይድ የእጅ ጽሕፈት ነው። ከላይ ለክቡር ሐጂ ይመር ይላል። ከሥሩ፣ «ጉዳዩ፦ የጋብቻ ጥያቄን ስለ ማንሣት» ይላል፤ በመሥመር ተሰምሮበታል። ልክ የማኅበሩ ደብዳቤ! «ልጅዎን መጠየቄ ስሕተት መሆኑን በግለ ሒስ አምኛለሁ። ጥያቄዬን ከዛሬ ጀምሮ ያነሣሁ መሆኑን በትሕትና እገልጻለሁ» ይላል። ፈርሞበታል።

«የአባቴ ዓይን ደክሟል» አለች ዘሀራ። «የሚመጣ ወረቀት ሁሉ የማነብለት እኔ ነኝ።»

«ይህንንም?»

«መሐሉ ላይ ስደርስ ነው የገባኝ። አባቴ ‹ቀጥይ› አለኝ፤ ጨረስኩት።» ከዚያ በዚያች በማትሰማ ድምፅዋ፣ «እትዬ ብርቄ፣ ምን አድርጌው ነው?» አለችኝ።

ምን ልበላት? ሐጂ ይመር «ልጄን እንኳን ጠይቆ የሚተዋት፣ የማይጠይቃትም ሰው በደጄ አያልፍ» ብለው ምለዋል። የመጀመሪያው እምቢታ ወግ ነበር፤ ይህኛው ግን የእውነት ነው። ይህንንም ሰይድ ራሱ ነው የሠራው፤ ያልተባለውን እምቢ ፈርቶ ሮጦ እውነተኛውን እምቢ አመጣ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ደሜ ፈልቶ አያውቅም።

ሶማሌ ተራ አገኘሁት። ከመኪና ዕቃ ሻጮች መሐል አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ የአንድ ሰው የመኪና ወንበር ልብስ ይጠግናል። ማንም አላዘዘውም፤ ተቀዶ አይቶት ነው። ገና ሳየው ጀመርኩ። ሰው ቆሞ እያየን ነው፤ ግድ አልሰጠኝም። «ሳያባርሩህ የምትሸሽ! ወጉን አውቃለሁ ያልክ! ልጅቷ በገዛ አፏ አነበበችው፣ ታውቃለህ? በገዛ አፏ!»

መርፌው ከእጁ ወደቀ። «እሷ አነበበችው?»

«ማን የሚያነበው መስሎህ ነው?»

ራሱን ያዘ። «ብርቄ፣ ሁለት ሳምንት መጠበቅ አልቻልኩም» አለኝ። «እምቢ ሲሉኝ ከምሰማ እኔው ልተወው ብዬ ነው። እናንተ ቀልድ ይመስላችኋል። እዚህ ጋ ያመኛል።» ደረቱን ያዘ። «አጥንት እንደ መሰበር ነው። እስኪሰበር የሚጠብቅ ሰው አለ?»

«ሰለቸኸኝ!» አልኩት። «ይህን ሁሉ ዓመት አባበልኩህ፤ አሁንስ ሰለቸኸኝ!»

ምነው ባላልኩ። ፊቱ ላይ የሆነውን አልነግራችሁም። ሰው እንዲያ ሲሆን አይቼ የማውቀው መርዶ ሲረዳ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ነው የሚያስመስል እንዳልሆነ፣ የሚቀብጥ እንዳልሆነ፣ እውነት የሚያመው እንደ ሆነ የገባኝ። አዘንኩለት፤ ንዴቴ ግን አልበረደም። ሁለቱም አንድ ላይ ነበሩ። እንደዚያው ነገርኩት።

«ሰይድ፣ ቀና በል። ተናድጃለሁ። በጣም ተናድጃለሁ። ግን አልጠላሁህም።»

ቀና አለ። «ሁለቱ አብረው ይሆናሉ?»

ሠላሳ ሊሞላው ነው ይህን የሚጠይቀኝ! «እናትህ ተቆጥታህ አታውቅም?»

«ታውቃለች።»

«ታዲያስ?»

«ያኔም የጠላችኝ ነበር የሚመስለኝ» አለ።

ጋሽ ወልዴ ነገሩን ሲሰሙ ከንፈራቸውን መጠጡና፣ «የቀረው ድንጋይ ነው» አሉ። ድንጋይ በማጅራት ተሸክሞ ከተበዳይ ደጅ መቆም ማለታቸው ነው። ሰይድን አስጠንቅቀው ነገሩት። «ሐጂ ቶሎ አይምሩህም። ያቆሙሃል። አይተው እንዳላዩ ያልፉሃል። ይቅር ሳይሉህ ድንጋዩን አውርደህ ከሄድክ ግን አለቀ፤ ሁለተኛ የምትመለስበት በር የለም። እኔም ሽማግሌህ አይደለሁም።» ሰይድ ሰማ። እኔ ደግሞ ልቤ ተሰበረ፤ አንድ ሱሪ ገዢ ፊቱን ሲያዞርበት የማይችል ሰው፣ ይህን እንዴት ይችለዋል?

በቀጠርነው ጠዋት ከአዳራሹ ተነሣን። ድንጋዩን ጋሽ ወልዴ ራሳቸው መርጠው በሰይድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠውለታል። ሰይድ በሰው ፊት ተሸክሞ መሄድ አፍሮ በጋቢው ሥር ይዞታል። እኔና ሽማግሎቹ ከፊት፣ እሱ ከኋላ። ሐጂ ይመር በር ደረስን፤ በሩ ክፍት ነው፤ ሐጂ በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። ጋሽ ወልዴ «አውጣ» አሉት። ሰይድ ከጋቢው ሥር አወጣ።

ካውያ ነው።

የማኅበሩ የከሰል ካውያ! ፍሙ ተደፍቷል፣ ብረቱ ግን ገና ይሞቃል። ለካ ሊወጣ ሲል አንድ ሱሪ ላይ ካውያ ተረስቶ አየ፣ እንዳያቃጥለው ብሎ ድንጋዩን አስቀምጦ ካውያውን አነሣ፣ ፍሙን ደፋ፣ ካውያውን ይዞ ወጣ። «ሲሞቀኝ ጊዜ ገርሞኝ ነበር» አለ ኋላ። እኔ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። ጋሽ ወልዴ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሰይድ ግን ወደ ኋላ አልተመለሰም፤ ካውያውን ማጅራቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ።

ሐጂ አዩት። አንድ ቃል ሳይናገሩ ተነሥተው ገቡ።

የሰይድ ዓይን ወደ መንገዱ ሲዞር አየሁ። ጠጋ ብዬ ቆምኩ። «ተናደዋል፤ አልጠሉህም» አልኩት።

«በምን አወቅሽ?»

«ቢጠሉህማ በሩን ይዘጉት ነበር።»

በሩን ቀና ብሎ አየው። ክፍት ነው። ሐጂ ደግመው ወጡ፣ የውሃ ጀበናቸውን ይዘው ለሶላት ውዱእ አደረጉ፣ እጅ እግራቸውን ታጠቡ፣ በአጠገቡ አልፈው መስጊድ ሄዱ፤ ፊታቸውን አላዞሩም። የመንደሩ ሰው ቆሞ ያያል፤ አንዳንዱ ይስቃል። የሰው ፊት እሳት ነው ይባል የለ? የሱ እሳት ደግሞ ከሌላው ሰው እሳት የባሰ ነው። ላቡ ከካውያው ጥላሸት ጋር ተቀላቅሎ በአንገቱ ይወርዳል። በሩን ብቻ እያየ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። ዱዓ መስሎኝ ነበር። ጆሮዬን ሳስጠጋ፣ «ክፍት ነው፣ ክፍት ነው» ነው የሚለው።

ሐጂ ከቀትሩ የዙህር ሶላት ተመልሰው ፊቱ ቆሙ። ካውያውን አዩ፣ ጥላሸቱን አዩ፣ ጋሽ ወልዴን አዩ። ጢማቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ሳቃቸውን ይዘው ነው።

«ስልሳ ዓመቴ ነው» አሉ። «ድንጋይ የተሸከመ ስንት ሰው አስታርቄያለሁ። ካውያ ተሸክሞ የመጣ ግን ያለ አንተ አላየሁም። አውርድ፣ ማጅራትህ ሳይሰበር።»

«ይቅር ብለውኛል?» አለ ሰይድ፤ ሳያወርድ።

«አውርድ አልኩህ እኮ!»

«እሱ ቁጣ ነው ወይስ ይቅርታ?»

ሐጂ ይመር ግራ ገባቸውና ወደኔ ዞሩ። «ይቅርታ ነው በሉት ሐጂ፤ በስሙ ካልጠሩለት አይገባውም» አልኳቸው። «ይቅር ብዬሃለሁ» አሉ። አወረደ።

ከዚያን ቀን ወዲያ ሰላም አገኘሁ እንዳይመስላችሁ። ስምምነት አደረግን፤ ያስከፋውን ቃል ሁሉ ከመሄዱ በፊት ለኔ ሊያሳይ። በቀን አሥር ጊዜ ቁልፌን ያስጥለኛል። «ብርቄ፣ ‹ይሁና› አለኝ፤ ተናዶ ነው ጠልቶኝ?» «ሥራ ይዞት ነው፤ ስፋ!» «‹ሥራ ይዞኛል› ያለው እኔን ለመሸሽ ይሆን?» ኧረ በስመ አብ! ሊቀመንበራችን እንኳ ተማረና ሐሙስ ሐሙስ፣ «ጓድ ሰይድ፣ እንወድሃለን፤ ዳሩ ግን ስድስት ሱሪ…» ብሎ መጀመር ለመደ። ሰይድ መጨረስ አልተማረም። መሄድ ግን ቀነሰ፤ ሲብስበት እንኳ ደጃፉ ጋ ደርሶ ቆሞ ትንሽ ያስብና ይመለሳል። እኔ ያንን መመለስ ሳይ ደስ ይለኝ ነበር፤ አልነገርኩትም፣ ይብስበታል ብዬ።

ሽማግሎቹ እንደ ወጉ ሁለት ጊዜ ተመላለሱ፤ እሺ ተባሉ፤ የኒካው፣ የጋብቻው ማሰሪያ፣ ቀን ደረሰ።

ወንዶቹ ግቢው ውስጥ ድንኳን ሥር ናቸው፤ እኛ ሴቶቹ ከሙሽራዋ ጋር ጓዳ ነን። መሐላችን አንድ መጋረጃ ነው። በእስላም ወግ አባት ልጁን ከመዳሩ በፊት ሁለት ምስክሮች መጥተው ሙሽራዋን ፈቃዷን ይጠይቃሉ፤ ሦስት ጊዜ። ጨዋ ልጅ አትመልስም። አንገቷን ትደፋለች፤ ዝምታዋ እሺታዋ ነው። አክስቶቿ ከጠዋት ጀምሮ ሲመክሯት ነበር፤ እሷም የምትመከር አልነበረችም፣ ከድሮም ዝምተኛ።

ምስክሮቹ ከመጋረጃው ውጭ ቆሙ። «ዘሀራ ይመር፣ ለሰይድ እንዲድሩሽ አባትሽን ወክለሻል?»

ዝም። ውጭም ሁሉም ለማዳመጥ ጸጥ አለ።

ደግመው ጠየቁ። ዝም። ዘሀራ ከሻሿ ሥር ወደኔ ዘንበል አለች። «እትዬ ብርቄ፣ ይሰማዋል?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ምኑን?»

«ዝም ማለቴን።»

በመጋረጃው ጥግ አጮልቄ አየሁ። ሰይድ ከሐጂ ጎን ተቀምጧል፤ ወጉን እንደማንም ያውቀዋል። ፊቱ ግን አመድ መስሏል፤ ጣቶቹ የጋቢውን ጫፍ ይቋጥራሉ፣ ይፈታሉ፤ ዓይኑ የግቢው በር ላይ ነው።

«ይሰማዋል» አልኳት።

ምስክሮቹ ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቁ። አክስቷ ክንዷን ጨበጥ አደረገቻት፣ ዝም በይ ለማለት። ዘሀራ ሻሿን ከፊቷ ገፋ አደረገችና፣ በሕይወቷ አንድ ቀን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቅ ልጅ፣ የጓዳው ቆርቆሮ እስኪያስተጋባ ጮኸች።

«እሺ! እሺ ብያለሁ! ሰይድ፣ እሺ ብያለሁ!»

አክስቷ «ውይ በሞትኩት!» ብላ አፏን አፈነቻት። ሌሎቹ ሴቶች ደርቀው ቀሩ። በድንኳኑ በኩል የሰይድ ድምፅ መጣ።

«ሰምቻለሁ!» አለ፤ እያለቀሰ።